ዘንድሮ ጎንደር ለተመደባችሁ አዲስ ተማሪዎች፦ «ገና ፍሬሽማን ነኝ» ስለሚለው ነገር

የአዘዞ ልጅ (ክሩን የጀመረው)

የምድብ ዝርዝር በወጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «ያንተ ከተማ ደረሰኝ፣ እንዴት ናት?» የሚል የአክስት ልጅ፣ የጓደኛ እህት፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማላውቀው ሰው ይደውላል። ለሁሉም በየተራ ከመመለስ አንድ ጊዜ እዚህ ልጻፈው ብያለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው፤ የተማርሁት ግን ወደ ደቡብ በሚገኝ ሌላ ከተማ ነው። ሻንጣ ተሸክሞ የሚመጣውን ልጅ በየዓመቱ መናኸሪያ ላይ አየዋለሁ፤ ራሴም እንደዚያው ተሸክሜ ሄጃለሁ። ስለ ግንቡ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ፣ ስለ ጥምቀት አልጽፍም። ግንቡ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እናንተ የመጀመሪያውን ሴሚስተር እስክትጨርሱ አይፈርስም።

የምጽፈው «ገና ፍሬሽማን ነኝ፣ እስክለምድ ልረፍ» ስለሚለው አነጋገር ነው። እኔን የበላኝ እሱ ነው። በ2013 ነበር የገባሁት። የ12ኛ ክፍል ፈተናችን በኮሮና ምክንያት ተራዝሞ ተራዝሞ ነፍሳችንን አውጥቶ ስለነበር፣ ግቢ ስገባ ዕዳዬን ከፍዬ የጨረስሁ መሰለኝ። የኮርሶቹን ዝርዝር ሳየው ደግሞ ሥነ ልቦና፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ይላል። «ይሄማ የምናውቀው ነው» ተባባልን። ከሰዓት በኋላ ክፍል ሲኖር እኛ ኳስ የሚታይበት ቤት ነን። የመጀመሪያው ፈተና በስድስተኛው ሳምንት ሲመጣ ሎጂክ የምናውቀው አልነበረም። ከ20 ስድስት አገኘሁ።

ሕግ ማጥናት ነበር ሐሳቤ። የትምህርት ክፍል ድልድሉ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ውጤትና የመግቢያ ፈተናውን አይቶ ነው የሚሠራው። በሁለተኛው ሴሚስተር ሌሊቱን በንባብ ባነጋም የመጀመሪያውን ጉድጓድ መሙላት አልቻልሁም። አራተኛ ምርጫዬ ደረሰኝ። ዛሬ ሥራ አለኝ፣ አልተራብሁም፤ ነገር ግን በፍርድ ቤት በር ባለፍሁ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት እንደ መጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ቁጠሯቸው። ሌላውን ሌላ ሰው ይጨምርበት።

ከአባያ ዳር

ወንድሜ፣ ስለጻፍክልን እናመሰግናለን። እኔ ከአርባ ምንጭ ነኝ፤ ጎንደር ነው የደረሰኝ። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመጀመሪያዋ ስለሆንኩ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ብርዱ እንዴት ነው? እናቴ ሦስት ብርድ ልብስ፣ አሥር ኪሎ በሶ፣ አንድ ትንሽ ጀሪካን ማር ልትጭነኝ ተዘጋጅታለች። «በዛ» ብላት አኮረፈች። ምን ልያዝ፣ ምንስ ልተው?

ስለ ስድስቱ ሳምንታት ያልከውን ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ባለ ሁለት ጓጉንቸር

እህቴ፣ ማሩን ተዪው። አውቶቡስ ውስጥ ፈስሶ የሰው ሁሉ ሻንጣ ከሻንጣ ይጣበቃል። ይህን የምነግርሽ ያጣበቅሁት እኔ ስለሆንኩ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ማንም አላናገረኝም።

ብርዱ እንደሚወራው አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ከአንቺ ቆላ ለሚመጣ ሌሊቱና ማለዳው ይከብዳል፤ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ። ቀን ፀሐይ አለ። አንድ ደህና ብርድ ልብስና አንድ ወፍራም ሹራብ ይበቃሻል። ካነሰሽ ቅዳሜ ገበያ ወርደሽ ጋቢ ትገዣለሽ።

ዋናው ነገር ወረቀቱ ነው። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ዋናውና ኮፒው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት፣ 3 በ4 ጉርድ ፎቶ፣ የፋይዳ መታወቂያ። የጥሪ ማስታወቂያው ላይ ዝርዝሩ ይወጣል፤ እሱን ቃል በቃል ተከተዪ። ወረቀቱ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫንም፤ ጭንሽ ላይ ነው የሚቀመጠው። የሁሉንም ፎቶ አንስተሽ ለእናትሽ ስልክ ላኪ።

ከዚያ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ የኮረንቲ ማከፋፈያ። ሳፋና ጀሪካኑን እዚህ ግዢ፤ ከአርባ ምንጭ ድረስ ሳፋ የሚሸከም ሰው አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ጓጉንቸር ሁለት ያዢ፤ አንዱ ለቁም ሳጥን፣ አንዱ ለሻንጣ። ቁልፎቹን በአንድ ማንጠልጠያ አታድርጊያቸው።

በሶው ግን አሥሩም ኪሎ ይምጣ። ከእናትሽ ጋር በእሱ አትጣዪ። ዶርም ውስጥ መጀመሪያ የሚታወቀው የሰው ስም ሳይሆን የሰው በሶ ነው።

የሌሊት ተረኛ

የአዘዞው ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው የምናገረው፤ ልጅቷን ያለ ወንጀሏ እንቅልፍ ነሳሃት።

እኔ ነርስ ነኝ፤ የተማርሁት እዚሁ ጎንደር ነው። ከዶርማችን ልጆች መካከል ወደ ኋላ የቀሩትን ሳስታውስ፣ ያረፉት አይደሉም። ብቻቸውን የነበሩት ናቸው። አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከሩቅ የመጣች፣ ጎበዝ፣ ከእኛ ሁሉ ቀድማ የምትነሳ። ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ካፌ፣ ማለትም የግቢው የተማሪ መመገቢያ፣ ገብታ አልበላችም። ሚል ካርዷ (የመመገቢያ መታወቂያዋ) ኪሷ ውስጥ ነው፤ ምግቡ አለ፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ሰው ባለበት ሰልፍ ብቻዋን መቆም አፈረች። ዳቦ ቆሎ ስትበላ ሰነበተች። ያወቅነው ክፍል ውስጥ ስትወድቅ ነው። መጽሐፍ ይዞ መንቃት ምንም አልጠቀማትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እንሂድ» ብለን እጇን ይዘን ነበር የምንወጣው፤ ዛሬ እኔ የማማክራት እሷን ነው።

የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር፤ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን ጎን ለጎን ነበር የሚያሠለጥነው። ያ ልማድ እስከ እኛ ደርሷል፤ በመጨረሻው ዓመት ከተለያየ የጤና ትምህርት ክፍል የተውጣጣን ተማሪዎች በቡድን ሆነን ወደ ጤና ጣቢያ እንላካለን፤ አንድ ላይ እንኖራለን፣ አንድ ላይ እንሠራለን። እዚያ ሄደው የተቸገሩት ሦስት ዓመት ሙሉ ለብቻቸው አንብበው ኤ ያጠራቀሙት ነበሩ። ወጥ የሚሠራው ማን ነው በሚለው እንኳን መስማማት አልቻሉም።

ስለዚህ የአርባ ምንጯ እህቴ፣ መጀመሪያ ከመኝታ ጓደኞችሽ አንዷን «ካፌ አብረን እንሂድ» በያት። ናፍቆት ይመጣል፤ ማታ ማታ ይብሳል፤ አልቅሺው። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለሽ ግን የተማሪዎች ክሊኒክ ሂጂ፤ የምክር አገልግሎትም ጠይቂ። እዚያ የምትሄደው እብድ ናት የሚል ካለ፣ ያ ሰው ከሁሉ ቀድሞ መሄድ ያለበት ነው።

የአዘዞ ልጅ

እታለም፣ ስለ ልጅቷ የጻፍሽው ልቤን ነካው። ብቻችሁን ሁኑ ግን አላልሁም። ያልሁት ስሌት ነው፤ ስሌቱን ላሳያችሁ፤ እኔን ማንም አላሳየኝም።

አምስት ኮርስ ወስዳችኋል እንበል፤ እያንዳንዱ ባለ 3 ክሬዲት፣ ድምሩ 15። ኤ 4 ነጥብ፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነው፤ መሐል መሐል ያሉትን ተዉአቸው። በአምስቱም ቢ ካመጣችሁ 45 ለ15 ሲካፈል 3.00 ይሆናል። አሁን በአንዱ ብቻ ተዘናግታችሁ ዲ አምጡ፤ 39 ለ15፣ 2.60። በአንድ ኮርስ! በሚቀጥለው ሴሚስተር ወደ 3.00 ለመመለስ 3.40 ያስፈልጋችኋል፤ ማለትም ቢ ያመጣ የነበረ ልጅ ያለ ምንም ምክንያት ድንገት ከቢ በላይ መሆን አለበት። ለመመረቅ 2.00 ይበቃል። የሚፈልጉት ትምህርት ክፍል ለመግባት ግን የሚወዳደሩት ከሌላው ተማሪ ጋር ነው።

መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተናም አለ፤ ከ2015 ጀምሮ ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። ያ ገና ሩቅ ስለሆነ ዛሬ አያስጨንቃችሁ።

ከጅግጅጋ የሄደው

ሁለታችሁም ያላነሳችሁትን ላንሳ፤ ቋንቋ።

እኔ ጎንደር ስመጣ አማርኛዬ የገበያ አማርኛ ነበር፤ መግዛትና መከራከር እችላለሁ፣ ማዘን አልችልም ነበር። አንድ ቀን ሻይ የሚሸጡ እናት ቤት ገብቼ በልበ ሙሉነት «አንቺ፣ ሻይ ስጪኝ» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ለትልቅ ሰው አንቱ ወይም እርስዎ እንደሚባል ያን ቀን ተማርኩ። እሳቸው ግን ስቀው ሁለት ሻይ ሰጡኝ፤ አንዱን አላስከፈሉኝም።

ክፍል ውስጥ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ሲያስረዳ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር፤ ሌሎቹ ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሞኙ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ወደ ኋላ መቀመጥ ጀመርኩ። ከወር በኋላ አጠገቤ የተቀመጠውን የደባርቅ ልጅ «ገባህ?» ብለው «አንተስ?» አለኝ። ለካ ራስ መነቅነቁ ትህትና ነው! ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን። በቀን አሥር ያልገባን ቃል እየጻፍን ማታ ተማሪው ስፔስ በሚለው የንባብ ክፍል እንፈታቸዋለን። ከክፍል በኋላ አንዳችን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግዴታችን ነበር፤ የማይረባም ቢሆን። መምህሩ ስማችንን አወቀ። እኔ ደግሞ ለእሱ ሶማልኛ አስተማርኩት፤ እስካሁን ሲደውልልኝ «ነበድ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ለሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፦ እኔም ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ከተማ ብቻ ትመስለኝ ነበር። አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የሙስሊሞች ሰፈር ነው። የመጀመሪያው ጁምዓ እዚያ ወርጄ ስሰግድ ነው ከተማዋ የእኔም እንደሆነች የተሰማኝ።

ሻይ በቀረፋ (ማራኪ አካባቢ)

የሚጽፍልኝ ልጄ ነው፤ እኔ እየነገርሁት ነው።

ከጅግጅጋ ያልኸው ልጄ፣ «አንቺ» የተባልሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ከሆንሁም ይቅር ብዬሃለሁ፣ የሻዩን ግን ልትከፍለኝ ትችላለህ።

ለተማሪ ሻይና ምሳ መሸጥ ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ልጆቼ፣ ስለ ትምህርቱ የተማሩት ይንገሯችሁ፤ ስለ ገንዘብ እኔን ስሙኝ። አዲስ ተማሪ ገንዘብ እንደመጣለት በመጀመሪያው ሳምንት ንጉሥ ነው። ጥብስ ያዛል፣ ለስድስት ሰው ይከፍላል። በሦስተኛው ሳምንት ሽሮ። በአምስተኛው «እማማ፣ በዱቤ ይሁንልኝ»። ዱቤ እሰጣለሁ፤ ደብተሬ ወፍራም ነው። ክፉው ነገር ገንዘቡ መቅረቱ አይደለም፤ የሚያፍረው ልጅ መንገዱን ይቀይራል። በደጄ ማለፉን ይተዋል። እኔ ደግሞ ገንዘቤ ሳይሆን ልጁ የት ደረሰ የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። ያለባችሁ ሰው ካለ በደጁ እለፉ፤ «እማማ፣ አልደረሰልኝም» በሉ። አይከብድም።

ካፌ ትቼ ውጭ ልብላ የምትሉም አላችሁ፤ ነን ካፌ ነው የምትሉት። ለእኔ ገበያ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያውን ሴሚስተር የግቢውን ብሉ። በእጃችሁ የሚሰጣችሁ የምግብ ገንዘብ ምግብ ሆኖ አይቆይም፤ የስልክ ካርድ ይሆናል፣ የባጃጅ ይሆናል፣ የጫማ ይሆናል።

የአርባ ምንጯ ልጄ፣ እናትሽን በበሶው አታስከፊያት፤ ማሩንም ባይሆን በትንሽ ጠርሙስ ያዢላት።

አኩፋዳ

ልጆች፣ ክርክራችሁን እያነበብሁ ሳቄ መጣ፤ ይህች ከተማ ይህን ክርክር ድሮም ታውቀዋለች።

እኔ በልጅነቴ ከጎጃም በእግር ነው የመጣሁት፤ በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የዝማሬና የሽብሻቦ ትምህርት) ልማር። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ። ጥሪ ማስታወቂያም ሚል ካርድም የለም፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ መለመን ነው። ውሻው ሲያባርረኝ የዕለቱን ዜማ እያልኩ እሮጥ ነበር፤ ስለዚህ ትምህርትና ሆድ ተነጥለው አያውቁም ብል አትፍረዱብኝ።

የኔታ አዲስ የመጣን ልጅ ብቻውን አይተዉም፤ ከበሰለ ተማሪ ጋር ያጣምሩታል። የበሰለው የትኛው ቤት እንጀራ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለው፣ የኔታ በምን እንደሚቆጡ ያውቃል። እናንተም እንደዚያው ፈልጉ። ያን ኮርስ አምና የወሰደ የሁለተኛ ዓመት ልጅ ያዙ፤ ሻይ ጋብዙት፤ ደብተሩን ለምኑት፤ መምህሩ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚወድ ጠይቁት። እኛ ዳቦ ነበር የምንለምነው፤ እናንተ ደብተር መለመን ያሳፍራችኋል።

ስልኩን በተመለከተ የምለው ነበረኝ፤ ልጆቼ «እርስዎም የሚጽፉት በስልክ ነው» ስላሉኝ ትቼዋለሁ።

ባለ ሦስት ጎማ

ጋሼ አኩፋዳ፣ ዕድሜ ይስጥልን።

ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ዲግሪም አለኝ፤ ስለዚህ ሁለቱንም አውቃለሁ። አጭር ነገር ልበል። «ዩኒቨርሲቲ ውሰደኝ» አትበሉ። ማራኪ አለ፣ አጼ ቴዎድሮስ አለ፣ አጼ ፋሲል አለ፣ የሕክምናው አለ፤ አንድ አጥር ውስጥ አይደሉም። የትኛው ግቢ እንደተመደባችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ስልክ ይዘጋል። ዋጋ ሳትነጋገሩ ሻንጣ አትጫኑ። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስለ መንገዱ የሰሞኑን ሁኔታ በዚያ መስመር ከሚሠራ ሰው ጠይቃችሁ ተነሱ፤ ከመሸ ከደረሳችሁም ግቢ ፍለጋ በጨለማ አትዙሩ፤ መናኸሪያው አጠገብ እደሩ።

ውሃ በጎንደር ድሮም ፈተና ነው። በመጣ ቀን ጀሪካናችሁን ሙሉ፤ ነገ ይመጣል ብላችሁ አትተኙ።

«ከምዝገባ ክፍል ነው የምንደውለው፣ በስልክህ የላክንልህን ቁጥር ንገረን» የሚል ከመጣ ዝጉት። ያ ቁጥር የቴሌብራችሁ በር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ባጃጄ ውስጥ ተቀምጦ ለአንዱ እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር ዞሬ ስልኩን ነጠቅሁት። መጀመሪያ ሌባው እኔ መሰልሁት።

የሌሊት ተረኛ

የአዘዞው ወንድሜ፣ ስሌትህን ለታናሽ እህቴ አሳየኋት። ገባት። ከእኔ ይልቅ አንተን ሰማች፤ አልተቀየምሁም።

ከአባያ ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከእናቴ ጋር ታርቀናል፦ ስድስት ኪሎ በሶ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ማር በትንሽ ጠርሙስ፣ እሱም በላስቲክ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ። ወረቀቶቼን ፎቶ አንስቼ ልኬላታለሁ። ጓጉንቸሮቹን ዛሬ ገዛሁ።

አንድ ነገር ብቻ፦ የሎጂክ መጽሐፍ ያለው ሰው ካለ ከመምጣቴ በፊት ገለጥ ገለጥ ባደርገው ደስ ይለኛል።

የአዘዞ ልጅ

የእኔ አለ። ማራኪ ሻይ በቀረፋ ቤት አስቀምጥልሻለሁ፤ ስትደርሺ ከእማማ ትወስጂዋለሽ። ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ግን እንደ ማስታወሻ አትቁጠሪው። ፋሲል ከነማ ዋንጫ ያነሳበት ዓመት ነበር፤ አብዛኛው የጨዋታ ውጤት ነው።